ሦስተኛው ቁልፍ

ሌሊቱን በቧንቧ ደም ሲያጥቡ አድረው፣
የካቴድራሉን ደረጃ አጽድተው፣
ሊነጋጋ ሲል ግን ብርዱ ከዳቸው፤
ውሃው ረግቶ፣ ቀይ መስታወት ሆኖ አጋለጣቸው።

ቲሚሾዋራ ላይ ቀድሞ የከዳ ብርዱ ነው።

ቪዮሪካ መጣች፣ የካፖርት ሰፊዋ፣
መርፌ እንደተሰካ ባንገት ልብስዋ፤
ከታንኩ ሥር ቆማ ሽቅብ አየችና፦
«አንተ ልጅ፣ ውረድ ና!
ሦስተኛው ቁልፍህ ሊወድቅ ነው» አለች።
ወረደ።
ክር ግን አልያዘችም።
መሐሉ በመቀስ ከተነደለው ባንዲራ
አንዷን ቀይ መዘዘች።

«ተኩስ!» ይላል ሻለቃው። «ተኩስ!» ይላል ደግሞ።
ሳንዱ ግን አይሰማም፣ ትንፋሹን ይዞ ቆሞ፤
መርፌ ደረቱ ላይ ሳለ
ማን ይነቃነቃል?

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።
ሄዶ ሞተሩን አጠፋ።