በረዶ የሚጠራው በፍል ውሃ ነው

ስለ ቡድኑ ነው የመጣኸው? ግባ፤
ጫማህን አራግፍ፣ ውርጩ አብሮህ እንዳይገባ።
ስማችን ከታላላቆቹ መዝገብ የለም፤
የታችኛው ሊግ ነን፣ የታችኛው ዓለም።
ዋንጫችን ሁለት ነው፤ አንደኛው ተሰርቋል፣
ሌላው ምስማር ይዞ መጋዘን ተቀምጧል።
ሠላሳ አንድ ክረምት ውሃ አፍስሻለሁ፤
ማን የት እንደ ወደቀ ከሜዳው አውቃለሁ።

በሠላሳ አራት ነው፣ በዚያ በክፉ ቀን፣
የወረቀት ፋብሪካው ደሞዝ ሲመነምን፣
ኤድጋር ፎልስ ላይ ግንድ በወንዝ የሚነዱ ሁሉ
ወንዙ ረግቶባቸው ሥራ ፈተው ዋሉ።
ኦኔዚም አናጢው ሌሊት ተቀምጦ
ዘጠኝ ዱላ ጠረበ፣ ጫፉን አጎብጦ።
ኳስ አልነበረም፤ ፈረስ ሰጠ ፋንድያውን፣
ውርጭ ድንጋይ አርጎ ጨረሰ ቀሪውን።
"ግንድ ነጂዎች" ተባሉ።

በጨዋታማ እንኳ አይቆጣም ነበር ጌታ፤
የኛው ሚስተር ሃርግሬቭ ነደደ አንድ ማታ፣
የልጁ ቡድን በዘጠኝ ጎል ሲረታ።
በነጋታው ሦስት አጥቂ ከሥራ ተሰናበተ፤
በዓመቱ ግን (ሰው ትንግርት ነው መቼም)
ጣሪያ ያለው ሜዳ ሠራ፣ ትኬት መሸጥ ስለ ሻተ።

ቫይኖ ኩሴላ፣ በረኛው፣ ጭምብል ያልለበሰ፣
ፊቱ እንደ አሮጌ ኳስ በክር የታረሰ፣
ጎል ሲገባበት በፊንላንድኛ ይሳደባል፣
ሲያድን ግን ቀስ ብሎ "ሥራዬ ነው" ይላል።
መለያ የምትሰፋ ዶሪን ስታድኒክ ነበረች፤
ጨርቅ አልቆባት ዘጠኝን ገልብጣ ስድስት አረገች።
መዝጋቢው ሦስት ወር ሙሉ ተምታቶበት
የአንዱን ጎል ላንዱ ጻፈ። ዛሬም አለበት
መዝገቡ ስሕተቱ። እኔም አላርመውም።

በስልሳ ስምንት ዋንጫውን ያመጣው ሌቪ ነው፣
ከሐዲዱ ጫፍ፣ ከክሪዎች መንደር የመጣው።
ሌሊት በሩን ስከፍትለት ብቻውን ይንሳፈፋል፤
የጫማው ስለት ድምፅ ብቻ፣ ሐር ሲቀደድ ይመስላል።
ያን ዋንጫ የበላን ማታ ሆቴሉ "ላንተ የለም" አለው።
ምንም አልተናገረም። እኛም አልተናገርን።
ሃያ ሰው ተነስተን፣ ዋንጫውን ተሸክመን፣
አውቶቡስ ውስጥ ጠጣን፤ ቅዝቃዜው ጥርስ ሲያፋጭ፣
ቢራው እዋንጫው ውስጥ እስኪሆን ውርጭ።
ያንን መዝገብ አልጻፈውም፤ አንተ ጻፈው።

ከዚያ ፋብሪካው ተዘጋ። ያ ክፉ ሽታ ጠፋ፤
አየሩ ጠራልን፣ ኪሳችን ግን ከፋ።
ቡድኑን ሸጡት ደቡብ፣ ቁልቋል የሚበቅልበት፣
ሰው በጥር ወር በከነቴራ የሚሄድበት።
ስሙን ሳይነኩ ወሰዱት፤ ዛሬም ግንድ ነጂ ይባላሉ፣
ግንድም ወንዝም በሌለበት፣ አሸዋ መሐል ይውላሉ።

የመጨረሻውን በረዶ ያቀለጥሁት እኔ ነኝ፤
ቀዩ መስመር ሟሙቶ የእጄን መዳፍ አቀላኝ።
ከሥሩ ምን ወጣ መሰለህ? የዶሪን መርፌ፣
ሁለት ሳንቲም፣ ያንድ ሰው ጥርስ። ስሙ አፌ
ላይ አለ፤ ግን ሚስቱ በሕይወት አለች፣ ተወው።

ባለፈው ኅዳር ስልክ ጮኸ፤ የልጅ ድምፅ ነው፣ ከደቡብ፤
"በረዶአችን ወተት መሰለ" ይላል፣ በሐሳብ ሲናውዝ ልቡ።
ልዘጋው ነበር። እጄ እንቢ አለ።
"ውሃው ፍል ይሁን" አልሁት፤ "ቀዝቃዛው አየር ያዘለ
ነው፣ ያደፈርሳል። ስስ አርገህ አፍስሰው፤
ሲይዝልህ እንደገና፣ ደግሞ እንደገና፤ አታጣድፈው።"
"ስንት ጊዜ?" አለኝ። ዓመቱን ልቆጥር ነበረ፣
ቫይኖን፣ ዶሪንን፣ ሌቪን፤ ጉሮሮዬ ታሰረ።
"እስኪጠራ" አልሁት።
"ማን ልበል?" አለ ልጁ፣ ብዕር ፈልጎ ሲያበቃ፤
ስሜን ፊደል በፊደል ነገርሁት፤
ጻፈው አልጻፈው፣ እንጃ።