የመጨረሻው ሃምሳ ሊትር

ጥር ነው። ደብረ ብርሃን። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት።
ውርጩ በመስኮቱ ጥርሱን ሲያፋጭበት፣
ጠብ አለ አንድ ነገር። ዝናብ መሰለኝ፤
በጥር ዝናብ ብሎ ማን ያታልለኝ?
ጠብ።
ደግሞ ጠብ።
ጋቢዬን ደርቤ ወለሉን ስረግጥ
ሙቅ ነው። በዚህ ብርድ፣ እግር የሚያቀልጥ።

ቦይለሩ ነው።
ግድግዳው ላይ ሆዱን እንደ ሹም ነፍቶ፣
ስድስት ዓመት ኖሮ ሕመም ሳያውቅ ከቶ፣
ዛሬ በእምብርቱ በኩል ያለቅሳል፤
እንባ ከእምብርት ሲወርድ ማን አይቶ ያውቃል?

ቆጣሪውን ዘጋሁ። ይህን እንኳ አውቃለሁ፤
ውሃና መብራት ጠብ እንዳላቸው ሰምቻለሁ።
ሳራቺኔስካው ግን ዝጎ ደርቆ ኖሯል፤
በፒንሳ ስይዘው እንደ ጥጃ ጮኋል።
ሳፋ ደቀንኩለት። ሳፋው ሲሞላ ባልዲ፣
ባልዲው ሲሞላ ድስት፣
ድስቱ ሲሞላ ንጋት።

ከታች በመጥረጊያ ጣሪያ ይደበደባል፤
እትዬ ሸዋረገጥ ናቸው፣ ሌላ ማን ይሆናል?
«አንቺ ልጅ! በጥር ክረምት ገባብኝ እኮ!»
ወርጄ አየሁት። ኮርኒሳቸው ላይ
እንደ ላም ቆዳ ተወጥሯል እርጥቡ፣
ልክ ከትራሳቸው በላይ።

ይህ ቦይለር የአባቴ ነው።
ዕቁብ የደረሰኝ ዕለት፣ ሌላ ሳላስብ፣
ውርጭ ለሚያሳምመው ጉልበቱ ያስገጠምኩት።
ከጣርማ በር መጥቶ፣ እጁን ከቧንቧው ሥር ዘርግቶ
«ማገዶውስ?» አለኝ።
«መብራት ነው» ስለው፣
«ታዲያ ጢሱ የታለ?»
ከዚያ በጆግ ይለካ ነበር። ሁለት ለፊትና ለአንገት፣
አንድ ለእግር። ከዚያ በላይ፣ እምቢ።
«ሙቅ ውሃ በከንቱ ማፍሰስ እህል መርገጥ ነው» ይል ነበር።
ሁለት ብርድ ታጠበበት።
ሦስተኛውን አላየም።

ከዚያ ወዲህ አላጠፋሁትም።
እኔ ፋብሪካ ውዬ፣ እዚያው ታጥቤ እመጣለሁ፤
እሱ ግን ይሙቅ ብዬ ተውኩት።
ቀይዋ መብራት ማታ ማታ በበሩ ሥር ስትታይ
ውስጥ ሰው ያለ ይመስላል፣
ፎጣ ተሸክሞ
ውሃው እስኪሞቅ የሚጠብቅ።

ጌታነጥር መጣ፣ ሁለት ሰዓት ሲሆን፣
ካቻቪቴ በጆሮው፣ በአፉ ቴፍሎን።
በጣቱ አንኳኳው፣ ጆሮውን ጣለበት።
«ጓርኒሲዮኑ ቢሆን ቀይሬ እሄዳለሁ፤
ሬዚስታንሳው ቢሆን ገዝቼ እመጣለሁ።
ጋኑ ነው፣ እህቴ። ከውስጥ ነው የበላው፤
ቆይቷል። ያታለለሽ ከላይ ያለው ቀለም ነው።»
ስለ ጋኑ ነበር የሚያወራው።
ብቻ እኔ ቀና ብዬ አላየሁትም።

«አይበየድም?»
«ይበየዳል። ነገ በሌላ ጎኑ ጠብ ይላል።
ይልቅ እናፍስሰውና ላውርደው።
ሃምሳ ሊትር ይሆናል፣ ገና አልቀዘቀዘም።»
ቱቦውን ወደ ፍሳሹ ሲያዞር
«ቆይ!» አልኩት። ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም።
ደረጃው ላይ ወጥቼ ጮኽኩ፦
«ሙቅ ውሃ! ዕቃ ያላችሁ!»

መጡ።
ጋሽ ሽብሩ ዘበኛው፣ ሌሊቱ ገና ከጣቶቹ ሳይወጣ፣
ጫማውን በእጁ ይዞ መጣ።
ሦስት ተማሪዎች በአንድ ጀሪካን፣
«ለራሳችን ብቻ ነው፣ ገላችን ይቆያል» እያሉ።
እትዬ ሸዋረገጥ፣ መጥረጊያቸውን ሳይጥሉ፣
የሁሉንም የሚያስንቅ ገንዳ አስይዘው፣
የልጅ ልጃቸውን ምንተስኖትን ከነልብሱ ሊነክሩት።
ደረጃው በእንፋሎት ተሸፈነ፤
ለአንድ ሰዓት ያህል፣ ብሎካችን
ከከተማው ሁሉ የሞቀ ሆነ።

የመጨረሻው ባልዲ ደለል ነበረው፣ ቀይ፣
ስድስት ዓመት ጋኑ ውስጥ የተኛ።
እስኪዘቅጥ ጠበቅሁት።
ከላይ የጠራውን አንድ ጆግ ቀዳሁና
እግሬን ታጠብኩ።

አሁን ግድግዳው ላይ ሁለት ብሎን ቀርቷል፣
መሃላቸው ነጭ፣ ሌላው ቀለም ገርጥቷል።
ሌሊት ዘጠኝ ላይ ነቃሁ፣ ማን እንደቀሰቀሰኝ እንጃ።
ዝም ነው።
ከታች መጥረጊያው ኮርኒሱን ኳ ኳ አደረገ፣ ቀስ ብሎ።
«አንቺ ልጅ... ቆመልሽ?»

ወለሉን በተረከዜ ሁለቴ መታሁት።