በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ

ልጄ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ
አነበበችልኝ፦ «በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ።»
አዳማ ላይ! በሚያዝያ!
ቀዝቃዛ ቦታ ካለ ንገሩኝ፣ እኔም ልሂድ ወደዚያ።

ፍሪጅ የለንም። ጎረቤቴ አለው፤ መብራት ግን የለም፤
መብራቱ ሲመጣ ደግሞ እሱ የለም፣ በሩ አይከፈትም።
ስለዚህ ገንቦ ሙሉ አሸዋ ውሃ አጠጣሁት፣
ኢንሱሊኔን እንደ ዘር መሃሉ ላይ ቀበርኩት።
ሌሊት እየነቃሁ እጄን እሰዳለሁ፣
እንደታመመ ሕፃን ግንባር «ተኮሰ ወይ?» እላለሁ።

ሃያ ስድስት ዓመት ወንጂ ሸንኮራ ቆረጥኩ፣
የተቃጠለ ቅጠል ጥላሸት እየዋጥኩ።
ጊዜያዊ ነበርኩ፤ ጉልበቴ ሲያልቅ ተሸኘሁ፣ ጡረታም የለ፤
ስኳሩ ግን ቋሚ ሆኖ ሥራውን ደሜ ውስጥ ቀጠለ።

የመድን ደብተር አለኝ፤ ፎቶዬ ተለጥፎ፣
የብርቄ ዕቁብ በወጣ ማግስት መዋጮው ተከፍሎ፣ ተጽፎ።
ሌንሴ በጤና ጣቢያው መስኮት ገጽ በገጽ አየችው፣
ቀስ ብላ፣ የተኛ ሰው እንዳትቀሰቅስ ያህል፣ ዘጋችው።
«ይሸፍናል፣ ጋሽ ሚሻሞ፤ ኢንሱሊኑን ይሸፍናል።»
«ታዲያ?»
«አልቋል። ምናልባት ማክሰኞ ይገባል።»
ከትከሻዋ በላይ መደርደሪያውን አየሁት፤ ባዶ።
ለካ መሸፈን ይሄ ነው፤ ብርድ ልብሱ አለ፣ የሚተኛበት የለ።

ፍራንኮ አካባቢ ወደ ግል መድኃኒት ቤት ሄድኩ።
በሩን ስገፋው ከጣሪያው ቀዝቃዛ አየር መታኝ፤
ይኸው፣ አልኩ፣ የተጻፈው ቦታ፤ ማን እዚህ ባስቀመጠኝ!

ከፊቴ አንዲት ሴት፣ ሽቶዋ ቀድሟት የቆመ፣
ብዕር የመሰሉ መርፌዎች ትቆጥራለች።
«ለክብደት ነው» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት፤
ባለ መድኃኒቱ «መጀመሪያ ለስኳር ነበር የተሠራው፣
ያከሳል ሲባል ፈላጊው በዛ» አላት።
የከፈለችው የእኔ ቤት የስምንት ወር ኪራይ ይሆናል፤
ሌላ የምቆጥርበት መስፈሪያ የለኝም።
ዞር ብላ አየችኝ። ቀበቶዬን አየች፣
በሚስማር የበሳኋትን አራተኛዋን ቀዳዳ።
«አባባ፣ ይቅርታ፤ እርስዎ ምን ወስደው ነው እንዲህ የከሱት?»

አልቀለደችም። ዓይኗ ውስጥ ቅናት ነበር፤
ማንም በምንም ቀንቶብኝ አያውቅም፣ ደንግጬ ቀረሁ።
«ስኳር» አልኳት። «የወንጂ። ያውም በነጻ ነው የሰጡኝ።»
ልትስቅ ከንፈሯ ተከፈተ፣ ከዚያ በመዳፏ ከደነችው።
«ጉልበቴ ደረጃ እምቢ ብሎኝ ነው» አለች ቆይታ፣ ለወለሉ።

ሁለት ብልቃጥ ፈልጌ ለአንድ የሚበቃ ብር ነበረኝ፤
አንዱን ገዛሁ።
ስወጣ በር ላይ ቆማለች፤ ከመርፌዋ ከረጢት
ሁለት ፌስታል የታሸገ በረዶ ነበራት፣
አንዱን ሰጠችኝ። አልተሰነባበትንም።

ባጃጁን ትቼ በእግሬ፣ በረዶውን ደረቴ ላይ፣
ሰው የሰረቅኩ እስኪመስለው አቅፌው ሄድኩ።
ቤት ስደርስ ውሃ ሆኖ ነበር፤ ለብ ያለ ውሃ።
ብርቄ «ድፋው» አለችኝ።
አልደፋሁትም። የፌስታሉን ጫፍ በጥርሴ ቀድጄ
ገንቦው አሸዋ ላይ፣ ብልቃጡ ዙሪያ፣
ጠብ ጠብ አደረግኩት።