ግራ ጉንጭ

«ቀኝዎ አርባ ዓመቱ፣ ግራዎ ሰባ ሞላው፣
እስቲ ይንገሩኝ ጋሼ፣ ይኼን ጉንጭ ማን በላው?»
አለች ሐኪሚቱ መነጽሯን አውልቃ፣
ደብረ ብርሃን፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ነጭ ጓንት አጥልቃ።

ጠረጴዛዋ ላይ መንገዴን በጣቴ ሣልኩላት፣
ከዳር እስከ ዳር፣ እስከ ጠመዝማዛው፣ ነገርኳት።
ጧት ከመሐል ሜዳ ወደ ሸገር ስወርድ፣
ፀሐይ በግራዬ ነች፣ ከጓሳ ማዶ ስትነድ።
ከሰዓት ስመለስ፣ ፊቴን አዙሬ፣
እሷም ዞራ ትጠብቀኛለች፣ ያው በግራ በሬ።
ሃያ ሰባት ዓመት በዚያች መስኮት በኩል፣
ግራዬ ብቻውን ሲገብር፣ ሲከፍል፣
ቀኜ ግን በነፃ ተሳፍሮ ሲንፈላሰስ፣
የትራፊክ ዘመድ ይመስል፣ ሒሳብ ሳይጠየቅ እስኪደርስ።

ፎቶ ቤት ብገባ መንጃ ፈቃዴን ላድስ፣
«ዞር ይበሉ» ይላል ልጁ፣ ቀኜን በመነጽሩ ሲያስስ።
ይፍቱሥራ ልጄም ስትስመኝ በቀኝ ነው፣
ግራዬን ትታዋለች፣ የሩቅ ዘመድ አድርጋው።
ገንዘቡን የከፈለች እሷው ነች፤ ከብርድ ልብስ ፋብሪካ፣
ከደሞዟ ቀንሳ፣ እኔ ሳላውቅ፣ ዓመት ሙሉ ለካ።

አስተኙኝ።
ዓይኔን በጥቁር ክዳን ጋረዱት።
ማሽኑ እንደላላ ቺንጋ አፏጨ፣
ከዚያ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ፤
ጉንጬ ላይ በላስቲክ የሚገርፍ ባለጌ ልጅ ያለ መሰለኝ።
ቆዳዬ ሸተተኝ፤
የበግ ራስ ሲለበለብ የሚሸተው ሽታ።
«በምንድን ነው የምትተኩሺብኝ?» አልኳት።
«በብርሃን ነው።»
ሣቅ አመለጠኝ።
«አይሣቁ ጋሼ፣ ሌዘሩ ይስታል።»
ብርሃን ለበላው ጉንጭ ብርሃን ካሣ ሲከፍል፣
ያውም ደብረ ብርሃን ላይ!
ይኼ የቅኔ ተማሪ ሥራ ነው እንጂ የሾፌር አይደለም፤
ዝም ብዬ ተተኮስኩ።

ስነሣ ቅባት ሰጠችኝና
«ለአንድ ወር ፀሐይ እንዳትነካው» አለች።
እንዳትነካው! የት ላሳድረው?
መሪው በግራ፣ መስኮቱ በግራ፣ ፀሐይዋ በግራ፤
ወይ ቅጥቅጤን ወደ ኋላ እየነዳሁ ልመላለስ?

መሪውን አስረከብኩ ለዳምጠው፣ ለረዳቴ፣
ተሳፋሪ ሆንኩኝ፣ ገና አሁን፣ በሕይወቴ።
ቀኝ ወንበር፣ ጥላው ዳር፣ ፎጣ ተከናንቤ፣
የጉንጬን ቅርፊት እንደ ድንች ልጣጭ ከካፖርቴ ላይ ሰብስቤ።

በሦስተኛው ቀን ነው፤
ጧት ስንወርድ፣ ሞላሌን አለፍ እንዳልን፣
አንድ በርኖስ የደረበ ሽማግሌ፣
ከድንጋይ ካቡ ሥር ተነሣ፣
ባርኔጣውን አወለቀ፣
መኪናው እስኪያልፍ ቆመ።
«ማነው?» አልኩት ዳምጠውን።
«አያውቁትም እንዴ? ሁልጊዜ እኮ ነው።
ያኔ በክረምቱ፣ ሚስቱን በሌሊት ሆስፒታል ያደረሱለት፣
ሒሳብም አልተቀበሉትም አሉ።»

የትኛው ክረምት?
ዓይኔ ከሚመጣው መኪና ተነቅሎ አያውቅም፤
ጭቃውን አስታውሳለሁ፣ የተሰበረውን ባሌስትራ አስታውሳለሁ፣
ሴቲቱን ግን አላስታውስም።
ተርፋ እንደሆነ ዳምጠውን ልጠይቀው አልኩና
አፌን ይዞኝ ጣርማበር ደረስን።

ወሩ አለቀ። መሪዬን ያዝኩ።
ይፍቱሥራ መጥታ ግራዬን ሳመችው፣
ደግማ ሳመችው፣ እንደ አዲስ ጨርቅ በጣቷ ዳበሰችው፣
«አባዬ፣ ሙሽራ መሰልክ» አለች፤ እኔም አመንኳት።

አሁን እዚያ ካብ ጋ ስደርስ ሁለቴ ጡሩምባ እነፋለሁ፣
መነሣቱን በቀኝ መስታወቴ አያለሁ።
ቅባቱን አንድ ቀን እቀባለሁ፣ ሁለት ቀን እረሳለሁ።

ዛሬ ጧት ጢሜን ስላጭ
ግራዬ ላይ አንዲት ነጥብ አየሁ፤
የጤፍ ፍሬ ታህላለች፣
ጥቁር ጤፍ።
አረፋውን ደርቤ ሸፈንኳት።
ለይፍቱሥራ አልነገርኳትም።