አርባ አራተኛው መስመር

ክላይፔዳ ወደብ፣ የሌሊት ፈረቃ፤
ክሬኖቹ ቆመዋል እንደ ተረሳ ዕቃ።
በጥቁሩ ስክሪን ላይ፣ ጠቋሚ ነጭ ሰረዝ
ብልጭ ትላለች፣ ትጠፋለች፣ እየጠበቀች ትዕዛዝ።

አርባ ሦስት መስመር ነው የጻፍኩት በሙሉ፤
ግማሹ «እንዲህ ካሉህ፣ እንዲህ በል» ነው ውሉ።
ስሙን ቫርና አልኩት፣ በአገሬ ቋንቋ ቁራ፤
ተልኮ ግን አይቀርም፣ ይመጣል በተራ።
ከጎታች ጀልባዎች መርከበኞች በቻት ይጠሩታል፤
«ነፋስ» ካሉት ነፋስ፣ «ጥልቀት» ካሉት ጥልቀት ይሰጣል፣
«ሰላም» ላለው «ሰላም»። ከዚህ ካለፈ ግን፣ ቢቆጡት፣ ቢያለቅሱ፣
«ይህን ትዕዛዝ አላውቅም» ነው መልሱ፤
ልክ እንደ ጉምሩክ ሹም፣ ቀና ሳይል ራሱ።

አንዲት ቃል ግን አለች ለራሴ የተውኳት፣
ከትዕዛዝ መስመሩ እኔ ብቻ የማዛት፦
«በል» ብዬ ስጽፍለት፣ ቀጥዬ ያልኩትን
በራሱ ስም ይላል፤ ይደብቃል እኔን።
ባለፈው «በል፦ የካፒቴኑ ካልሲ ተቀዷል» ብዬ
ወደቡ ሲስቅ አደረ፤ እኔም ከጠረጴዛዬ።

ትናንት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ዚግማስ ገባ፣
ሽማግሌው መካኒክ፣ ከሦስተኛው ጀልባ፣
በአንድ ጣት የሚጽፍ፣ ነጥብ የማይረሳ፣
ከ«ነፋስ» ሌላ ቃል አንድም ቀን ያላነሳ።
«ሰላም።»
«ሰላም።»
«ነፋስ።»
«ከምዕራብ፣ በሰከንድ አሥራ ሁለት ሜትር።»
«እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ቫርና። ዳንጉዎሌ ካረፈች ዛሬ ወር ሞላት።»
«ይህን ትዕዛዝ አላውቅም።»
«እኔም አላውቀውም።»

እጄ «በል» ላይ ቀረ። ከ«በል» ወዲያ ባዶ ነው።
«ነፍስ ይማር» ጻፍኩና አጠፋሁት፤ ከቁራ አፍ ሲወጣ የማን ኀዘን ነው?
«አይዞህ» አልኩ፤ አጠፋሁ። «እኔም እናቴን…» አልኩ፤ አጠፋሁ።
ውጪ ገመድ ያቃስታል፤ በረዶው ፋኖሱን ሸፈነው።
በመጨረሻ፦ «በል፦ እዚህ ነኝ።»
ኢንተር። ቃሉ ከእጄ አመለጠኝ።

«ቦት» አለ ዚግማስ፣ «አሥራ አንድ ደቂቃ አያስብም፤
ማን እንደሆንክ ግን አልጠይቅህም።»
እስኪነጋ ስለ ፓምፕ፣ ስለ ዝገት፣ ስለ ዓሣ ዋጋ አወራን፤
የእሷን ስም ደግመን አላነሳን።

ጠዋት ፋይሉን ከፈትኩ፣ ጣቴ እንደ ደነዘዘ፤
ቁራዬ በአዲስ መስመር እንዲህ ታዘዘ፦
የማታውቀው ትዕዛዝ ሌሊት ላይ ከመጣ፣
ዝም በል፤ ቀስቅሰኝ፤ እኔ ራሴ ልምጣ።