ማን ይግዛ?

ሥራዬ መጠየቅ ነው፤ በየደጁ ቆሜ፣
አሥራ ዘጠኝ ጥያቄ በክንዴ ተሸክሜ፣
ፍሪስላንድ በሚሉት፣ ከባሕር ዝቅ ባለ አገር፣
ዝናቡ ወደ ጎን በሚሮጥበት መንደር፣
መጣሁ ስለ መንግሥት ከሰው ልነጋገር።

ጥያቄው በሙሉ በአምስት ሳጥን ታጠረ፤
"በጣም እስማማለሁ" ከሚለው የጀመረ፣
እስከ "በጭራሽ" ድረስ በወግ የተደረደረ።
ሰው ግን በሳጥን አይመልስም።
ወንበር ይስባል፤ ከአባቱ ዕዳ ይጀምራል።

ቪበ መቶ አርባ ላም ያልባል።
"ማን ይግዛ?" አልኩት፣ አራተኛው ላይ ደርሼ።
"ወተቴን?" አለና ሳቀ። ጠየቅኩት መልሼ።
"ያው ነው" አለኝ፣ "ልጄ፤ ገዢ ሁሉ ያው ነው፤
ዋጋ የሚቆርጥልኝ ደጄን ያላየው ነው።
ወተቴን የሚገዛው ጡት ስቦ አያውቅም፣
እኔን የሚገዛኝም ጭቃ ረግጦ አያውቅም።
'ላሞችህ በዙ፣ ሲሶውን ቀንስ' ሲል ጽፎልኛል፤
ፊርማውን ማሽን ፈርሞታል፤ እጅ የለውም ይሆናል።"

"ታዲያ ማን?" "ሕዝቡ!" ብሎ ጠረጴዛውን ሲመታ
የሻይ ማንኪያው ዘለለ ካለበት ቦታ።
"እኛ! ተራው ሰው! ልቡ ያልተበላሸው!"
ከቦዩ ማዶ ትየርድ አጥር ሲጠግን ይታያል፤
በዚያች አጥር ሰበብ አሥራ አንድ ዓመት ተዘጋግተዋል።
"ትየርድ ይግዛ?" አልኩት።
ነፋስ እንደከዳው ወፍጮ ክንዱ አየር ላይ ቀረ።
"ሕዝብ ስል..." አለ። "እሱማ... እሱማ ሕዝብ አይደለም።"
"አንተስ?"
እጁን ገልብጦ አየው።
"ላሞቹን ማን ያልባል?"

ሹክየን አገኘኋት በአውቶቡስ ፌርማታ።
አውቶቡሱ ከቀረ ሦስት ዓመቱ፤ አግዳሚው ግን አልተነሣም፣
እሷም ልማዷን አልተወችም፤ ትቀመጣለች ማታ ማታ።
ቪበ የመረጠውን፣ ያን ጯሂውን፣ መርጣለች።
"ደግ ነው ብዬ አይደለም" አለች፣
"አፉ እሬት ነው። ግን የመንደራችንን ስም
ከሰባራ ወንበር ላይ ቆሞ ጠራው፤ ሌላው አልጠራውም።"
"ማን ይግዛ?"
"አውቶቡስ የሚጠብቅ።"
"የተማረስ?"
"ይማር እንጂ! ጅል ምን ይሠራልኛል?
እንደኔ ይሁን አላልኩም፤ እኔ የኪኒኔን ሰዓት እረሳለሁ።
ከእኔ በላይ ይወቅ፤ ግን እኔንም ይወቅ።"
ኅዳጉ ላይ ጻፍኩት። ሳጥን አላገኘሁለትም።

ያን ሌሊት ባሕሩ በግድቡ ላይ ተነሣ።
መንደሩ በባትሪ ብርሃን ወጣ፤ ቄስ የለ፣ ሐኪም የለ፣ ሁሉም በአካፋ።
ሬንስከ የውሃው ሸንጎ መሐንዲስ ናት፤ ከተሜ፣ ባለ ሁለት ዲግሪ።
"ሁለተኛውን ፓምፕ ዝጉ!" አለች። ዘጉ።
"እጅ እናውጣ" ያለ አልነበረም።
ቪበ የአሸዋ ከረጢት ይቀበላል፣ ያቀብላል፤
የሚቀበለው ትየርድ ነው፤
ፊት ለፊት ሳይተያዩ፣ እጅ ለእጅ ግን ሳይሳሳቱ፣
እስኪነጋ።

"ሬንስከ ሊቅ አይደለችም?" አልኩት ጎህ ሲቀድ።
"ናት።"
"ሊቃውንት ይውደሙ ስትል አልነበር?"
ግንባሩን በክንዱ ጠረገ፤ ጭቃውን ጨመረበት።
"ቦቲዋን እየው" አለኝ። "እስከ ጉልበቷ ነው።
የቀጠራትን ሸንጎ ደግሞ የመረጥኩት እኔ ነኝ፤
ብታሰጥመኝ የት እንደምሄድ አውቃለሁ።
እነዚያን ግን... ማንን ልክሰስ? ማሽኑን?"

ቢሮ ስመለስ አለቃዬ መነጽሩን አወለቀ።
"ይኸ ሰውዬ ሕዝብ ይግዛ ለሚለው 'በጣም እስማማለሁ' አለ፤
አዋቂ ይግዛ ለሚለውም 'በጣም'። አሮጊቷም እንደዚሁ።
ይጋጫል፤ ይሰረዝ።"
አይጋጭም ልለው አፌን ከፈትኩ፤
ግድቡን፣ ከረጢቱን፣ ሁለቱን ዝምተኞች
በየትኛው ሳጥን ልክተታቸው?

በአራተኛው ጥያቄ ሥር በእርሳስ እንዲህ ብዬ ነበር፦
"ገዢ ነኝ የሚል ሁሉ፣ እንደ ገበያ ወግ፣
አስቀድሞ ዋጋውን ከባለቤቱ ይጠይቅ።"

አለቃዬ አነበበው። ደጋግሞ አነበበው።
ከዚያ መሳቢያውን ከፈተና
ላጲስ ሰጠኝ።