የወረፋው ባለቤት

ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ፣
ዋንዛ ሥር ተቀምጬ አቤቱታ ስጽፍ፣
የጅሬንን ድንበር ጠብ፣ የኮቺን ግንብ ክስ፣
አዌቱ ሲሞላ የሰው ጓሮ ሲያርስ፣
ሁሉም ወሰን ነበረው፤ ወይ ድንጋይ፣ ወይ ቦይ፣
ወይ ጣቱን ዘርግቶ «እስከዚህ ነው» ባይ።

ማክሰኞ ነጂብ መጣ፣ የአባ ፎጊ ልጅ፣
ሄርማታ ስልክ ጠጋኝ፣ መበየጃ የለመደው እጅ፣
የባጃጆችን ተራ በስልክ የሚያስይዝ መተግበሪያ የሠራ፣
አጂፕ ላይ ቡጢ ያስቀረ፣ ሹፌሩን በስሙ የጠራ።
ከአዲስ አበባ፣ ባለ ማኅተም፣ ዘጠኝ ገጽ ደብዳቤ ይዞ፤
እኔ መነጽሬን ጠርጌ፣ እሱ በቁሙ ፈዞ፣
አነበብኩለት፦
«ወረፋን በስልክ ማስያዝ፣
ስምን በቅደም ተከተል መደርደር፣
ፊተኛው ሲሄድ የሚቀጥለውን መጥራት፣
ይህ ሁሉ በፓተንት የተጠበቀ የደንበኛችን ፈጠራ ነው…»

ፈጠራ!

እናቴ ከቦኖው፣ ውሃ በጠፋ ዘመን፣
ድንጋይ አስቀምጣ ተራ የያዘች ቀን፣
ለማን ከፍላ ነበር?
እስኪ የትኛው ሽማግሌ ቆሞ ይመስክር፣
ሐሳብ ከየት እስከ የት እንደሚታጠር?

«ሰውየው ራሱ የሠራው አለ?» ብዬ ጠየቅኩት።
«የለም» አለኝ። «ያለው ወረቀት ነው።
ባጃጅ አያውቅ፣ ሹፌር አያውቅ፣
ሲከስ ነው የሚኖረው።»

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ
ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይል ነበር አባቴ።
ይኸው፣ በቅሎም ጭብጦም በፍርድ ሊሄዱ፣
ለጠበቃው፣ ለቀጠሮው፣ ለሸገር መንገዱ።
ነጂብ ሒሳቡን ሠራ፣ በሲጋራ ፓኮ ጀርባ፣
ደርሶ መልስ አውቶቡስ፣ አልጋ በአዲስ አበባ፣
መተግበሪያው በዓመት ከሚያስገባው እጥፍ።
«ላጥፋው?» አለኝ። ብዕሬን አነሣሁ፣ አቃተኝ ለመጻፍ።
ካርቦኑን ከሁለት ወረቀት መሃል ሳስገባ ሳቄ መጣ፤
ይሄን ሁሉ ዓመት ስገለብጥ፣ እንዴት እስካሁን ከሳሽ ታጣ?

አጠፋው።
ማታ አጂፕ ላይ ጩኸቱ ተመለሰ፣
የቀደመ ጫነ፣ የዘገየ አለቀሰ፤
አንዱ ሹፌር ቅንድቡ ደምቶ
«ተራዬ ነበር» ይላል፣ ማንም አይሰማው።

ዛሬ ነጂብ ከጎኔ፣ ዋንዛው ሥር፣ ዝም ብሎ ተቀምጧል።
የችሎቱ ጸሐፊ ከበሩ ወጥቶ
«ተራ ቁጥር አራት!» ብሎ ጮኸ።
በአንድ ባሕር ዛፍ የሚካሰሱ ሁለት ወንድማማቾች
ኮታቸውን እያራገፉ ተነሡ።
ቀናሁባቸው፤
እነሱስ ዛፉ አላቸው።